አፍን በመድኃኒት መጉመጥመጥ የጉንፋንን መዛመት ይከለክላልን?

በትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጉንፋን የያዘው እንደ ሆነ፥ ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ክፍል እየሳለ እንዲቀመጥ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ልጆቹ ማለዳ ማለዳ የተሕዋስያን መግደያ በሆነ መድኃኒት አፋቸውን ቢጉመጠመጡ በሽታው አይዛመትም የሚል አሳብ ይነሣል። የትምህርት ቤቱን ጥቂት ገንዘብ ለዚህ ማዋል ይገባልን? የሚያስለውስ ልጅ ተጉመጥሙጦ ከባልንጀሮቹ መካከል ቢቀመጥ ጉዳት የለውምን? ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

አሳቡ ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጆሴፍ ሊስተር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ቍስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ከመመርቀዝ እንደሚያድን ጽፎ አስታወቀ። በ1879 በአሜሪካ አገር አንድ ሐኪም መድኃኒት ቀምሞ በሊስተር ስም «ሊስተሪን» ብሎ ጠራው። ይህም መድኃኒት ከ1921 ጀምሮ ጉንፋንን ይከላከላል እየተባለ ለሕዝብ ይነገርለት ነበር። በ1975 ግን የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ፥ ሊስተሪን ጉንፋንንና የጉሮሮ ሕመምን እንደማይከላከል፥ እንደማያቀልም፥ ሻጩ ኩባንያ ራሱ በማስታወቂያው እንዲናገር አዘዘ። በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን በዋናው ነገር አጸናው። ኩባንያውም 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለማስታወቂያ እስኪያወጣ ድረስ ይህን ቃል እንዲያሰማ ተገደደ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሰማውን ነገር ከሰው ልብ ማውጣት ርካሽ ሥራ አይደለም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ጉንፋንንና ኢንፍሉዌንዛን፥ ኮሮናንም የሚያመጣው ቫይረስ የሚባለው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ቫይረስ ስብ መሰል ልባስ አላቸው፤ ሳሙና ይህን ልባስ ስለሚያፈርሰው እጅን መታጠብ ይጠቅማል። ፖቪዶን አዮዲን የተባለው መድኃኒትም ከኮሮና ቫይረስ ጋር በብልቃጥ ውስጥ ቢቀላቀል በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ኃይሉን እንደሚያጠፋው ተመርምሮ ታውቋል። ብዙውን ጊዜ ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ ግን ይህ ልባስ ስለሌለው ልባስን በማፍረስ ብቻ አይሸነፍም።

በብልቃጥ ከገደለው በአፍ ውስጥ ስለምን አይገድለውም ቢሉ፥ በአፍ ያገኘውንስ ይገድላል። ነገር ግን ቫይረሱ ምራቅ ላይ ብቻ የሚንሳፈፍ አይደለም፤ በአፍንጫና በጉሮሮ፥ አንዳንዱም በሳንባ፥ በሥጋው ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይባዛል። መድኃኒቱ ወደዚያ አይደርስም። ምንጩ ሳይደፈን የኵሬውን ውኃ ጨልፎ እንደ ማፍሰስ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይጐድላል፥ ተመልሶም ይሞላል። የሚያስለው ሰው የሚተነፍሰው አየርም ከሳንባውና ከአፍንጫው የሚወጣ ነው እንጂ ከአፉ ብቻ አይደለም። የጥርስ ሐኪም ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ በሽተኛውን ቢያስጐመጥም ለዚያች አጭር ጊዜ ምራቁን ለማንጻት ነውና ምክንያት አለው። ተማሪ ግን ከክፍል የሚቀመጠው ለብዙ ሰዓት ነው።

የጃፓን ሰዎች ጉሮሮን በውኃ የማጠብ የቆየ ልማድ አላቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 መጨረሻና በ2003 መጀመሪያ በነበረው ክረምታቸው 387 ጤነኞች በሦስት ተከፍለው ነገሩ ተፈተነ። እንደ ወትሮው ከኖሩት ዘንድ በ30 ቀን ከመቶ ሰው 26 ጊዜ ያህል ጉንፋን ተቈጠረ፤ ጉሮሮአቸውን በውኃ ካጠቡት 17፥ በፖቪዶን አዮዲን ካጠቡት 24። መድኃኒት ያልገባበት ውኃ ከመድኃኒቱ በለጠ! የሚጉመጠመጡት ሰዎች የሚያደርጉትን ስለሚያውቁ፥ ጥናቱም አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዚህ ላይ ሕግ አናቆምም፤ ለመድኃኒቱ ግን ምስክር አይሆንለትም። እንዲህም ሆኖ በነሐሴ 2020 የኦሳካ አገረ ገዥ ይህ መድኃኒት ለኮሮና ሳይጠቅም አይቀርም ብሎ በተናገረ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ሱቅ ተሽቀዳድሞ መደርደሪያውን ባዶ አደረገው።

በዚህ እንግዳውን ሕዝብ ብቻ አንታዘብም። በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ እኛም ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ግቢ መጽዳቱ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ደረቱ የታመመውን ይጐዳል እንጂ በሽታውን አያባርርም።

እንግዲህ ገንዘቡ ለሳሙና ይዋል። የክፍሉ መስኮትና በር፥ ብርድ ቢሆንም እንኳ፥ ይከፈት፤ በአየር የሚተላለፈውን በሽታ የሚያሳሳው ነፋስ ነውና። ልጆች ሲያስሉ አፋቸውን በክንዳቸው ወይም በነጠላቸው ይሸፍኑ። ጉሮሮው የከረከረው ትልቅ ሰው በጨው ውኃ ቢጉመጠመጥ ሕመሙን ያለዝብለታል፤ ለዚያ ብቻ ከሆነ አንከለክልም። ለሕፃናት ግን ፖቪዶን አዮዲንም ሆነ አረቄ ለመጉመጥመጫ አይሰጥ፤ ይውጡታልና። አዮዲን ሲበዛ በተለይ እንቅርት ያለበትን ይጐዳል። ይልቁንም ልጆችን አሰልፎ በአንድ ጣሳ ማስጐምጠም ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአንዱን ምራቅ ለሌላው ማቀበል ይሆናልና።

የሚያስልና ትኵሳት ያለበት ልጅ ተጉመጥሙጦ መጣ ተብሎ ወደ ክፍል አይግባ። እስኪሻለው ድረስ በቤቱ እንዲቈይ ሽማግሌዎች ለወላጆቹ ያስረዱ፤ ሲመለስም መምህሩ ያለፈውን ትምህርት ያስከልሰው።