ከካንሰር የዳነ ልጅ ለምን ይሩጥ?

አንድ ልጅ የካንሰር ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል «ተው፣ ትደክማለህ» የሚለው ነው። እናት ከዐይኗ አታርቀውም፤ መምህሩም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። ጥንቃቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። አካል ግን ለዚህ ውለታ አይመልስም፤ ሥራ በፈታ ቁጥር ይዳከማል።

ሕክምናው ሕይወትን ሲያተርፍ የራሱን ምልክት ትቶ ሊያልፍ ይችላል። በልጆች ላይ በብዛት ለሚታየው የደም ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ቪንክሪስቲን የእግርን ነርቮች ሊጎዳ፣ ዴክሳሜታዞን አጥንትን ሊያሳሳና ጡንቻን ሊያመነምን ይችላል። ዶክሶሩቢሲን በልብ ጡንቻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የፊዚክስ ቁም ነገር እናንሣ። ሽቦ ደጋግመው ቢያጥፉት ይበጠሳል። ሕይወት ያለው አጥንት ግን በሚያርፍበት ጫና ልክ ራሱን እንደሚያንጽ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ሥራው አመልክቷል። ጫና በሌለበት ሕዋ የሚሰነብቱ ጠፈርተኞች በየወሩ 1 ከመቶ ገደማ የዳሌ አጥንታቸውን ማዕድን ያጣሉ። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ሲቆም እግሮቹ የሚሸከሙት ኃይል 300 ኒውተን ገደማ ነው፤ ዘሎ ሲያርፍ ግን ለቅጽበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አጥንቱ የሚፈልገው መልእክት ይህ ነው። ልብም እንዲሁ ነው፤ በልምምድ ሲጠነክር በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል።

በሰሜን አሜሪካ በልጅነታቸው ከካንሰር የተረፉ 15,450 ጎልማሶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ በሚያደርጉት ዘንድ የሞት መጠን ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። አስተዋይ አንባቢ «ምናልባት ቀድሞውኑ ብርቱ የነበሩት ይሆናሉ የሚንቀሳቀሱት» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተዛማጅነት ብቻውን መንሥኤን አያረጋግጥምና። ሆኖም ውጤቱ ስለ አጥንትና ስለ ልብ ከምናውቀው ጋር ይስማማል።

ይህ ማለት ግን ልጁ በዘፈቀደ ይሩጥ ማለት አይደለም። አስቀድሞ ሐኪሙ ልቡንና መገጣጠሚያዎቹን ሊመረምር ይገባል፤ የዳሌ አጥንቱ የተጎዳ ልጅ ከዝላይ ይልቅ ዋና ሊሻለው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሕመም ለተነሣ ልጅ ይህ መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም፤ በጥቂት ደቂቃ የእግር ጉዞ ይጀምር። የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ቢመጣ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታክመው ወደ ትምህርት ገበታቸው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ውድ ተማሪዎች፣ ከእነርሱ አንዱ በክፍላችሁ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደለት በሰኞ ማክሰኞም ሆነ በገመድ ዝላይ ተራ ስጡት፤ ሲደክመው ያርፍ፣ ሲበረታም ይመለስ። መድኃኒት ያተረፈውን አካል የሚያጸናው ጨዋታ ነውና።