ማሳለጫ ዳር ያለ ሱቅ በምን ይተመናል?
መንገድ ሰፍቶ ማሳለጫው ሲጠናቀቅ በዙሪያው ያለ ሱቅ ዋጋ እንደሚጨምር ደላላው አስቀድሞ ይናገራል። ይሁንና የመኪናው ማለፍና የደንበኛው መቆም ለየቅል ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ለትራፊክ የተከፈተው የጎተራ ማሳለጫ የተሠራው ተሽከርካሪ መብራት ሳይጠብቅ እንዲያልፍ ነው፤ የማይቆም መኪና ደግሞ አይሸምትም። በ1990ዎቹ የተገነባው የቀለበት መንገድም መሐሉ በአጥር በመከፈሉ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለ ደንበኛ የእግረኛ ድልድይ ፍለጋ እንዲዞር ግድ ሆኗል። ስለዚህ ገዥም ሆነ ተከራይ ከአስፋልቱ ስፋት በፊት መውጫው የት እንደሚያርፍና ጭነት የት እንደሚራገፍ ቢያይ ይሻለዋል።

ከሁሉ የከፋው ለቀጣይ ማስፋፊያ በተያዘ መስመር ላይ መግዛት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚሰላው ለሰፈረው ንብረትና ለመፈናቀሉ እንጂ ለቦታው ተፈላጊነት አይደለም። «መንገድ ዳር ነው» ተብሎ የተጨመረው ብር ከገዥው ኪስ ወጥቶ ይቀራል።