ድሪል ይዘው ሐይቅ ላይ ለሚወጡ ልጆቻችን

ባለፈው ዓመት ጥር፣ እዚህ የጥምቀት ሰሞን ሲሆን፣ እኔ ሚኒሶታ ሴት ልጄ ዘንድ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቼ የቤቱን ድሪል ከሳጥኑ አወጣና ባትሪውን ነቅሎ ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው። “ምን ልትሰቅል ነው?” አልኩት። “የሚሰቀል የለም እማማ፣ ሐይቅ ልንበሳ ነው፤ እርስዎም ይምጡ” አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሱሪ በሱሪ ደርቤ፣ ከ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ ጋር የረጋ ሐይቅ ላይ ቆሜ ነበር።

ይህን የምጽፈው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በብርድ አገር ላላችሁ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ እዚያ ያደጉ ልጆች ደግሞ የአካባቢያቸውን ጨዋታ ይለምዳሉ። “አሣ ልናጠምድ ነው” ብለው በስልክ ሲነግሯችሁ ሐዋሳ አሞራ ገደል የምታዩት ዓይነት እንዳይመስላችሁ።

በረዶ ከውኃ ስለሚቀል ሐይቁ ከላይ ይረጋል፤ አሣው ከሥሩ ይኖራል። እሱን ለማግኘት በረዶውን መብሳት ግድ ነው። መብሻው ኦገር ይባላል፤ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ፣ ጫፉ ላይ ስለት ያለው ረጅም ብረት ነው። በእጅ የሚዞረው ትከሻ ያዝላል፤ በቤንዚን የሚሠራው ይከብዳል፣ ያጨሳል። ስለዚህ አሁን ብዙ ሰው የእጅ ኦገሩን መያዣ ይፈታና በማገናኛ ብረት ከባትሪ ድሪል ጋር ያያይዘዋል። አማቼ በ18 ቮልት ድሪል 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በሳ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ስለቱ የበረዶውን ታች ሊያልፍ ሲል ተያዘ። ኦገሩ ቆመ፤ ድሪሉ ግን መዞሩን አልተወም። ኃይሉ ወደ እጁ ተመለሰና አንጓውን ጠመዘዘው። ቀጥሎ ድሪሉን ሊይዝ ተራ ሲጠብቅ የነበረው ማን መሰላችሁ? ያ የ11 ዓመት ልጅ ነው።

ሠላሳ ዓመት የለመድኩት ሥራ ነውና ጓንቱን አውልቄ መጀመሪያ የጋብቻ ቀለበቱን አወለቅኩ። እጅ ካበጠ በኋላ ቀለበት አይወጣም፤ ጣቱን አንቆ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ፣ ስነካው ይሰማው እንደሆነ ጠየቅኩት። ከአውራ ጣቱ ግርጌ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ስጫነው ዘለለ። ያ ቦታ ሲያም “ወለምታ ነው” ብሎ መታሸት ትልቅ ስሕተት ነው። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ብትሰበርም በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ሕመሙ ካልለቀቀ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና መታየት ያስፈልጋል። ካርቶን አጥፌ ደገፍኩለትና በነጠላዬ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩት። ራጁም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተነሣው ሁለተኛውም፣ ስብራት አላሳየም።

ጥፋቱ የድሪሉ አልነበረም። ለቤት ዕቃ መግጠሚያ የተሠራ፣ የጎን እጀታ የሌለው ነበር፤ እሱም በአንድ እጁ ነበር የያዘው። ለዚህ ሥራ የጎን እጀታ ያለው ድሪል ያስፈልጋል፤ በሁለት እጅ ተይዞ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ቀጥ ብሎ። ስለቱ የተሳለ ከሆነ መጫን አያስፈልግም። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ጣትን ከማስነሻው ለማንሣት መዘጋጀት ነው። ኦገሩ ከድሪሉ አፍ ቢያመልጥ ሐይቁ ውስጥ ሰምጦ እንዳይቀር ከላይ የሚታሰር ሰፊ ክብ ሳህን አለ፤ እሱን መግጠም ጥሩ ነው። የተንጠለጠለ ሻርፕና የተፈታ ፀጉር ከሚዞር ነገር ይራቅ። ባትሪውን አማቼ ደረቱ ላይ የሸጎጠው ብርድ አቅሙን ስለሚያዳክመው ነው። ከቤት ሲገቡም ቀዝቃዛውን ባትሪ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ ያበላሸዋል፤ ሞቅ እስኪል መጠበቅ ነው።

ለልጁስ? በእኔ ፍርድ በዚያ ዕድሜ ድሪሉን አይይዝም። የበረዶ ፍርፋሪውን የሚያወጣበትን ጭልፋና መለኪያውን ሰጠሁት። ኩርፊያው እስከ እራት አልለቀቀውም።

መለኪያው ግን ተራ ሥራ አይደለም። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይላል። በረዶው ነጭ ከሆነ ግን ጥንካሬው ስለሚያንስ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ሐይቅ ሁሉ ቦታ እኩል አይረጋም፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ሲገቡ በየ45 ሜትሩ እየበሱ መለካት ነው። በእጅ ኦገር ይህን ማን ያደርጋል? ድሪሉን የወደድኩለት ለዚህ ነው፤ ከአሣው ይልቅ ለመለካቱ ይጠቅማል።

በረዶ ቢከዳ ደግሞ ልጆቹ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ቀዝቃዛ ውኃ መጀመሪያ ትንፋሽ ያስቆርጣል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይደናገጡ ትንፋሽን መግዛት ነው። እጅና እግር በደንብ የሚታዘዘው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ወደ መጡበት አቅጣጫ ዞሮ፣ በእግር እየዋኙ በሆድ መውጣት፤ ከወጡም ሳይቆሙ እየተንከባለሉ መራቅ። ለዚህ የሚረዱ ሁለት ሹል መቆንጠጫዎች አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ተንሳፋፊ ጃኬትም መልበስ ይገባል። የሚያየው ሰው ሮጦ ወደ ቀዳዳው አይሂድ፤ ገመድ ይወርውር፣ 911 ይደውል።

ድንኳን ተክለው በጋዝ ምድጃ የሚሞቁም አሉ። በዝግ ቤት የከሰል ጭስ የሚያደርሰውን እኛ ማንም ሊነግረን አያሻም፤ እዚያ ያለውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም። የድንኳኑ መተንፈሻ ክፍት ይሁን፤ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያም ይኑር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው መውጣት ነው።

ዘንድሮ አማቼ ባለ ጎን እጀታ ድሪል ገዝቷል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቁ ይደውልልኛል። “17 ሳንቲ ሜትር ነው እምዬ!” ይለኛል። “ነጩ ነው ጥርት ያለው?” እለዋለሁ። አጎንብሶ ሲያይ ዝም ይላል፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።