የፀሐይ ሻይ፦ ዕረፍትን ከንጽሕና ጋር

በየአጥቢያው የሚያገለግሉ ካህናት፣ የኮሚቴ አባላት፣ በማዕድ ቤትና በአስታማሚነት የሚደክሙ እናቶች ለሌላው ሲያስቡ ራሳቸውን የሚዘነጉበት ጊዜ ብዙ ነው። ድካም ሲከማች ትዕግሥት ይጎድላል፤ ትዕግሥት ሲጎድልም አገልግሎቱ ይጎዳል። ስለዚህ አገልጋይ በቀኑ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ሰውነቱንና ልቡናውን የሚያሳርፍበት ቀላል ልማድ ቢኖረው መልካም ነው። በዚህ ዕትም ከእነዚህ ልማዶች አንዱን፣ ማለትም በፀሐይ ሙቀት የሚዘጋጀውን የዕፅዋት ሻይ እንመለከታለን። ልማዱ መልካም ጎን እንዳለው ሁሉ አደጋም ስላለው ሁለቱን ለይተን ማስረዳት እንወዳለን።

የፀሐይ ሻይ ምንድን ነው?

የፀሐይ ሻይ በአሜሪካ በበጋው ወራት የተለመደ መጠጥ ነው። ጥርት ባለ የብርጭቆ ማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ የሻይ ቅጠል ወይም መዓዛ ያለው ዕፅ ይጨመርበትና ተከድኖ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። እሳት አይነካውም። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ መዓዛው ይወጣል፤ የፈላ ውሃ የሚያወጣው ምሬት ግን ስለሚቀንስ ጣዕሙ ለስላሳ ይሆናል። ብዙዎች የሚወዱት ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ለዝግታው ጭምር ነው። ጠዋት ዘፍዝፎ ከቀትር በኋላ በጸጥታ መጠጣት ቀኑን ያረጋጋልና።

ችግሩ የት ላይ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ምግብ ንጽሕና በሚሰጠው ትምህርት፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በብዛት የሚራቡት ከ5 ዲግሪ በላይና ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ባለ ሙቀት እንደ ሆነ ያስረዳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ማሰሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ55 ዲግሪ አያልፍም። እንግዲህ ሻዩ ለሰዓታት የሚቆየው ተሕዋስያኑን በማይገድል፣ እንዲያውም ብዙዎቹን በሚያራባ ሙቀት ውስጥ ነው። ቅጠሉ ከአፈርና ከእጅ ያገኘውን ተሕዋስ ይዞ ይገባል፤ ስኳር ከተጨመረበትም ምግብ ይሆናቸዋል። ሻዩ ሲቀዳ ክር እየሳበ ከተዝለገለገ መበላሸቱ ግልጽ ስለሆነ መደፋት አለበት። ነገር ግን አለመዝለግለጉ ለንጽሕናው ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህ አደጋ የቧንቧ ውሃ ተጣርቶ በሚደርስበት አገር እንኳ የሚያሳስብ ነው። ከምንጭ፣ ከወንዝና ካልተከደነ ጉድጓድ በሚቀዳበት አጥቢያ ደግሞ እጅግ ይበረታል። በአንድ ማሰሮ የተዘጋጀ መጠጥ ለጉባኤ ሲታደል አንድ ስሕተት ብዙ ሰው ያሳምማል።

ፀሐይ ውሃን ታጸዳ የለምን?

ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። በቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር አፍቲም አክራና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፀሐይ ብርሃን የመጠጥ ውሃን ከተሕዋስያን ሊያነጻ እንደሚችል አሳይተዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከ2 ሊትር የማይበልጥ፣ ቀለም የሌለውና ያልተጫጫረ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ታጥቦ በጠራ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያም ተጋድሞ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ይውላል። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ተከታታይ ቀን ይቆያል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት።

እዚህ ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ለዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር ነው። ቅጠል ሲጨመርበት ውሃው ቀለም ይይዛል፤ ቅጠሉም ያጠላል፤ ጨረሩም በደንብ አያልፍም። ስለዚህ ፀሐይ ውሃን ማንጻቷ እውነት ቢሆንም ሻይን ታነጻለች ማለት አይደለም።

ፀሐይንና እሳትን ማስተባበር

የምንመክረው መንገድ ፀሐይ እንድትጀምር፣ እሳትም እንዲፈጽም ነው። ጠዋት የሚፈለገውን ውሃ ውጭው በጠቆረ ብረት ድስት አድርጎ፣ ከድኖ፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ የጀመረ ውሃ ለመፍላት 72 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ፀሐይ እስከ 45 ካደረሰችው ግን የሚቀረው 47 ብቻ ይሆናል። ውሃውን ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት ሢሶ ያህሉ ያለ እንጨት ተገኘ ማለት ነው። እንጨት ለሚሸከሙ እናቶችም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ዛፎች ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ መፍላቱ ይበቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ለሚበልጥ ደጋ ግን 3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል። ከዚያም በንጹሕ ውሃ የታጠበው ዕፅ በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ ውስጥ ሆኖ የፈላው ውሃ ይፈስበታል፤ ተከድኖም 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። የተዘጋጀው በዚያው ቀን ይጠጣ እንጂ አይደር።

ስለ ዕፅዋቱ

ጠጅ ሣር፣ ናና፣ በሶብላና ጦስኝ ለዚህ የሚስማሙ ናቸው። ካፌይን ስለሌላቸው ማታ ቢጠጡም እንደ ቡና እንቅልፍ አይከለክሉም። ሲደርቁ ከፀሐይ ይልቅ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ቢሰጡ መዓዛቸው ይጠበቃል። የደጋው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዝርያ ስላለው ከነሥሩ መንቀል አይገባም፤ ጫፉን መቁረጥ፣ ይልቁንም በግቢ መትከል ይሻላል። ጤና አዳም ግን በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ለእርሷ አይሰጥ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዕፅ ከማዘውተሩ በፊት የጤና ባለሙያን ይጠይቅ። ሻይ ዕረፍት እንጂ የሕክምና ምትክ አይደለም።

ጽዋው እንደ ዕረፍት

ቡናችን ጎረቤት የሚጠራበት፣ ወሬና ምክር የሚከፈልበት ማዕድ ነው። የዕፅዋት ሻይ ግን ለብቻ ለመቀመጥ ይመቻል። ውሃው ፀሐይ ላይ ሲውል የሚጠብቀውም አገልጋይ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ በረንዳ ላይ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። በጾም ወራት ከጾሙ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያ ለስላሳ መጠጥ ሊሆን ይችላል። ይህ ዕረፍት ስንፍና ወይም ቅንጦት አይደለም። ለነገ የሚያገለግል ጉልበት የሚቆጠበው በዚህ ነውና።

ለሰበካ ኮሚቴዎች

በመጪው ሩብ ዓመት ሦስት ነገር እንዲታሰብ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በግቢው ውስጥ ለማዕድ ቤቱ ቅርብ የሆነች ጥቂት መደብ ለመዓዛማ ዕፅዋት ትመደብ። ሁለተኛ፣ ለጉባኤ የሚቀርብ ማንኛውም ሻይ በፈላ ውሃ ብቻ እንዲዘጋጅ ይወሰን፤ የሚቆጣጠረውም ሰው ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ለጉባኤ የምታፈላው እናት ከሁሉ ቀድማ ተቀምጣ የምትጠጣበት ወንበር ይዘጋጅላት። ሁልጊዜ ለሌላው የሚቀዳ እጅ አንድ ጊዜም ይቀዳለትና።