የታሪክ ግቢን ለረጅም ዘመን ስለ ማስተዳደር፤ የጎንደር ፋሲል ግቢ እንደ ምሳሌ

ግንብ በአንድ ቀን አይፈርስም። አስቀድሞ በጣራው ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይከፈታል፤ በስንጥቁ የክረምት ውሃ ይገባል፤ ውሃው ድንጋዩን የያዘውን ኖራ እያጠበ ይወስዳል፤ ወፍ የጣለችው ፍሬም በዚያው በቅሎ ሥሩን በድንጋዮቹ መካከል ይሰዳል። ድንጋዩ ወድቆ ሰው የሚደነግጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የታሪክን ሥፍራ መጠበቅ ማለት የወደቀውን ማንሣት ብቻ ሳይሆን፣ ሊወድቅ የተቃረበውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ጕዳይ ነው፤ ይኸውም የረጅም ዘመን የአስተዳደር ዕቅድ ምን እንደ ሆነ፣ ምን ምን ክፍሎች እንዳሉትና ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ምሳሌያችንን ከጎንደር ፋሲል ግቢ እንወስዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፋሲል ግቢ የአንድ ንጉሥ ሥራ አይደለም። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ታላቁን ግንብ ካሠሩ በኋላ፣ ዐፄ ዮሐንስ፣ ዐፄ ኢያሱ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየተከታተሉ በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ሕንጻ ጨምረዋል። ርዝመቱ 900 ሜትር የሆነው ቅጥር በውስጡ የያዘው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራ ሥራ ነው። ጕዳቱም እንደዚሁ ተራ በተራ የመጣ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ በ1888 ድርቡሾች ከተማውን አቃጠሉ፤ ከ1936 እስከ 1941 የኢጣልያ ጦር ሠፈረበት፤ ይህንኑ ጦር ከጎንደር ለማስለቀቅ በ1941 በተደረገው ውጊያም የዐፄ ኢያሱ ግንብ በቦምብ ተጐዳ። ሥፍራው በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዶበታል።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው ከእድሳቱ ማግሥት ነው። መድረኩ ከፈረሰ፣ እንግዶቹም ከተመለሱ በኋላ፣ በሚመጣው ክረምት ጣራውን ወጥቶ የሚያይ ማን ነው? ይህን የሚመልሰው ዕቅድ ነው።

ብዙ ሰው ዕቅድን ከጥገና ዝርዝር ጋር ያመሳስለዋል። ዳሩ ግን የጥገና ዝርዝር የሚነግረን ዛሬ ምን እንደ ተበላሸ ነው፤ ዕቅድ ግን ምን እንደምንጠብቅ፣ ስለ ምን እንደምንጠብቅ፣ ማን መቼ በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ይወስናል። የዓለም ቅርስ ደንብም በመዝገቡ የተጻፈ ሥፍራ ሁሉ የአስተዳደር ዕቅድ ወይም በጽሑፍ የተረጋገጠ የአስተዳደር ሥርዓት እንዲኖረው ያዝዛል።

የዕቅድ መጀመሪያ የሥፍራውን ዋጋ መግለጽ ነው። ይህ ካልተገለጸ እያንዳንዱ ሠራተኛ በመሰለው ያድሳል። ሁለተኛው ክፍል ምርመራ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ግድግዳ በሥዕልና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ያለበት ሁኔታ መጻፍ አለበት። ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ተከፍቶ የቆመ አለ፤ ዛሬም የሚሰፋ አለ። ሁለቱን ለመለየት ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። በስንጥቁ ላይ ስስ የጀሶ ልስን አድርገው ቀኑን ይጽፉበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ይህ ገንዘብ አይፈጅም፤ የሚፈልገው በየጊዜው ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው።

ሦስተኛው ክፍል የአሠራር ደንብ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ኖራ ነው። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የተቃጠለው በውሃ በርዶ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ሲደረግ፣ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ እየመለሰ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ማያያዣ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ግድግዳው ጥቂት ቢንቀሳቀስም አብሮ ይለዝባል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ግን ጥገናው በሲሚንቶና በአርማታ ተሠራ። ሲሚንቶ ጽኑ ቢሆንም እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፤ መውጫ ያጣው ውሃም በድንጋዩ በኩል እየወጣ ፊቱን ይልጣል። ስለዚህ ኋላ በተደረገው እድሳት ይህ ሥራ እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ሆነ። በመልካም አሳብ የተደረገ ጥገና ሁለተኛ ድካምና ሁለተኛ ወጪ እንደሚያመጣ ከዚህ እንማራለን። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ማናቸውም የቅርስ ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይሠራ የከለከለበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ኖራም የራሱ ግዴታ አለው። እያለቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ስለዚህም አራተኛው ክፍል የጊዜ ሰሌዳ ነው። በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ ጣራና አሸንዳ ይጸዳል፤ በግድግዳ የበቀለው ቡቃያ ሥሩ ሳይወፍር ይነቀላል። በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ስንጥቆች ይመረመራሉ። በየአምስት ዓመቱ ጠቅላላ ምርመራ ይደረጋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሕንጻ ተራ ይደርሰዋል። ኖራ ለውሶ የሚገነባ ግንበኛም እንዳይጠፋ፣ ወጣቶችን ከአዛውንቶቹ ሥር አድርጎ ማስተማር የሰሌዳው አንድ ክፍል መሆን አለበት።

ደንብ ግን ሁሉን አይፈታም። በፋሲል መዋኛ የዛፎቹ ሥር ቅጥሩን አቅፎ ይዟል። ሥሩ ድንጋዩን እየፈነቀለ ነው፤ ሥሩ ቢቈረጥ ደግሞ ያቀፈው ድንጋይ ሊናድ ይችላል። ከዚህም በላይ ዛፎቹ ራሳቸው የሥፍራው ውበት ሆነዋል። እንዲህ ባለው ጕዳይ ዕቅድ የሚያዘው ቸኩሎ መቍረጥን አይደለም፤ ሥር በሥር መመርመርንና የውሳኔውን ምክንያት ለሚቀጥለው ትውልድ ጽፎ ማቈየትን ነው።

ከድንጋዩም ይልቅ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። መዋኛው ባዶ ሐውልት አይደለም። በየዓመቱ ከቀሐ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ተሞልቶ ጥምቀት ይከበርበታል። የጥምቀት በዓል በ2019 ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር ተመዝግቧል። ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ጥምቀት፣ በጥር 2020፣ ለተመልካቾች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ፣ መቀመጫውን ማን እንደሚመረምር መወሰን የዕቅድ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። የታሪክ ሥፍራ አስተዳደር ከድንጋይ ይልቅ የሕይወት ጕዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ገና ላልተዳረሰበት አገር የግንብ ነገር ቅንጦት ነው ይሉናል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በግንቦት አሸንዳ ለመጥረግ የሚበቃው ጥቂት የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሳይጠረግ ቀርቶ የተናደውን ግድግዳ ለማቆም ግን የብዙ ትምህርት ቤት ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ድኻ አገር ቸልታን አይችለውም። ከዚህም ሌላ ግቢው ሰላም በሆነበት ዘመን ለአስጐብኚው፣ ለባለ ሆቴሉና ለባለ እጁ እንጀራ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል ለዓመታዊ ጥገና ብቻ እንዲውል በዕቅዱ ቢጸና፣ ግቢው ራሱን ለመርዳት ይችላል።

በመጨረሻም ዕቅድ የሹማምንት ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የካህናቱ፣ የጎረቤት ነዋሪዎችና የከተማው አስተዳደር ምክር ሊገባበት ይገባል፤ በየአምስት ዓመቱም ከምርመራው ጋር ይታረም። ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ድርሻ አለ። የምሕንድስናው ተማሪ ስንጥቁን ሊለካ፣ የታሪኩ ተማሪ መዝገቡን ሊጽፍ፣ የዕፀዋቱ ተማሪ ሥሩን ሊመረምር ይችላል። ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎት ለእኛ ደርሷል። የሚቀጥለው መቶ ዓመት ግን በዚህ ግንቦት ጣራው ላይ ከሚወጣው ሰው ይጀምራል።