ጠለፋና ሽምግልና



በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን በፈቃድዋ አገባች ከተባለ ክሱን ያስቀር ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ የተደረገ ጋብቻም አያድነውም።

ሆኖም ሽማግሌ ተልኮ፥ ካሣ ተቆርጦ፥ ነገሩ በእርቅ የሚዳፈንበት ጊዜ አለ።

በከምባታ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት ሕዝቡን በየመንደሩ እያወያየ ብዙዎች ጠለፋንና ግርዛትን እንዲተዉ አድርጓል።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ለሽምግልና ስንጠራ አስቀድመን የልጅቱን ቃል እንስማ፤ ክሱ ይነሣ ብለንም አንማልድ። የጠለፈሽን አግቢ ማለት ሁለተኛ ጠለፋ ነውና፥ ይህ በየእድራችን እንዲነገር አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ከአዲስ አበባ