ብድሩ ከቤጂንግ፣ ተርባይኑም ከቻይና፦ የግድብ ገንዘብ እንዴት ይሄዳል?

ግድብ ሲመረቅ የሚወራው ስለ ሜጋዋት ነው። ገንዘቡን ማን አበደረ፣ በምን ውል አበደረ የሚለው ግን ብዙም አይነሳም። ጊቤ 3ን ማየት ይበቃል።

በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመው ይህ ግድብ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነው። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ውሉን የጣሊያኑ ሳሊኒ ያለ ጨረታ ወሰደ። ይቺ «ያለ ጨረታ» የምትባል ነገር ታዲያ ጣጣ አመጣች። የዓለም ባንክ ደንብ እንዲህ ያለውን ውል አይቀበልም። በዚያ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ማሽላ የሚዘሩት የታችኛው ኦሞ ነዋሪዎች፣ ደግሞም አብዛኛውን ውሃውን ከኦሞ የሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ ጉዳይ ነበር። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክም ወደ ኋላ አሉ።

ክፍተቱን የሞላው በ2010 የቻይና ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ ነው፤ አብዛኛው ድርሻ የመንግሥት ነው። ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ፣ ተርባይንና ጄኔሬተሩን ደግሞ የቻይናው መንግሥታዊ ኩባንያ ዶንግፋንግ አቀረበ። የዚህ ዓይነት ብድር ጠባይ እንዲህ ነው፦ ገንዘቡ በአብዛኛው በቀጥታ ለአበዳሪው ሀገር ኩባንያ ይከፈላል፣ ዕዳው ግን የሚመዘገበው በተበዳሪው ስም ነው።

ቻይና ብቻ ናት እንዳይባል፣ ጣሊያንም ያንኑ አድርጋለች። ለጊቤ 2 የጣሊያን መንግሥት 220 ሚሊዮን ዩሮ አበደረ፤ ሥራውን የሠራው ያው ሳሊኒ ነው። በጥር 2010 ተመርቆ ጥቂት ቀን ሳይቆይ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ዋሻ ውስጡ ተደረመሰና ለወራት ሥራ ቆመ። ዕዳ ግን ዋሻ ተደረመሰ ተብሎ አይቆምም።

ህዳሴ ግድብ የተለየ ነው። ከግብፅ ጋር ባለው ክርክር የተነሳ የውጭ ባንክ ለግድቡ አላበደረም፤ የተሠራው በሀገር ውስጥ ገንዘብና በቦንድ ነው፣ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገዝተዋል። ቢሆንም ኃይሉን ለሚያደርሰው መስመር በ2013 ከቻይናው ኤግዚም ባንክ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተወስዷል። ግድቡ የራስ፣ ሽቦው በብድር ማለት ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ ምንዛሪ ነው። ብድሩ በዶላር ይመለሳል፣ ሰው ግን ለመብራት ኃይል የሚከፍለው በብር ነው። ከሐምሌ 2024 በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። ሜጋዋቱ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆነ። ለኬንያና ለጂቡቲ ኃይል መሸጥ፣ ሌላው ቀርቶ ቢትኮይን ለሚያመርቱ ድርጅቶች መስጠት የተፈለገውም በዶላር ስለሚከፍሉ ነው፤ ገና ማብራት ያልገባለት የገጠር ቤት ግን ዶላር የለውም።

በታኅሣሥ 2023 ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የመንግሥታት ብድር እንዴት ይራዘም የሚለውን ድርድር የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ በጋራ ሆነው የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው።